የጥንት ሸክላ ከየት እንደመጣ በኬሚካል ትንተና መለየት፦ ከገል አመራረጥ እስከ ውጤት አጻጻፍ

የአንድን ጥንታዊ ሸክላ መገኛ በኬሚካል ትንተና ለማወቅ የሚደረገው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከመሣሪያው በፊት ወይም ከመሣሪያው በኋላ ነው። ገሉ በወጉ ሳይጸዳ ይፈጫል፤ የሚነጻጸርበት የታወቀ ቡድን ሳይዘጋጅ ቁጥር ይሰበሰባል፤ በመጨረሻም የሠላሳ ንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ተዘርግቶ «ታዲያ ይህ ከየት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሠንጠረዡ ይህን አይመልስም። መሣሪያው የሚናገረው ይህ ገል ከዚያኛው ጋር ይመሳሰላል ወይም አይመሳሰልም የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ «ያኛው» ቀድሞ መኖር አለበት።

ለማስረዳት አንድ ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ። በአክሱም፣ በመጠራና በአዱሊስ ቁፋሮዎች ቁልቁል እየቀጠኑ የሚሄዱ፣ ዙሪያቸውን በመስመር የተሸነተሩ የንግድ አምፎራዎች፣ ማለትም ባለሁለት እጀታ የጭነት ማሰሮዎች፣ ይገኛሉ። ባለሙያዎች አይላ–አክሱም አምፎራ ይሏቸዋል፤ አይላ የዛሬዋ የዮርዳኖስ ወደብ ዓቃባ የጥንት ስም ነው። ዓቃባ ውስጥ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የሸክላ ማቃጠያ ምድጃዎች በቁፋሮ ስለተገኙ፣ ማነጻጸሪያው ካለበት ቦታ መጀመር ይቻላል። የሚከተሉት ደረጃዎች ለሌላ ዘመንና ለሌላ ቦታ ሸክላም ያገለግላሉ።

1. ጥያቄውን በሚመለስ መልኩ ይጻፉ

ገሉን ከመንካትዎ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። «ይህ ሸክላ ከየት መጣ?» የሚለው ለዚህ ሥራ ጥያቄ አይሆንም። «እነዚህ 25 ገሎች ከዓቃባ ምድጃዎች ሸክላ ጋር ይገጥማሉ ወይስ በአክሱም አካባቢ ከተሠራ ሸክላ ጋር?» የሚለው ግን ይሆናል። ሥራው በሙሉ የቆመው ተመራማሪዎቹ ዊጋንድ፣ ሃርቦትልና ሴይር እ.ኤ.አ. በ1977 ባስቀመጡት ሐሳብ ላይ ነው፤ በሁለት ምንጮች መካከል ያለው የኬሚካል ልዩነት በአንዱ ምንጭ ውስጥ ካለው ልዩነት መብለጥ አለበት። ይህ ካልተሟላ የቱም መሣሪያ አያድንዎትም።

ቀጥሎ የሁለቱን ቦታዎች የድንጋይ ዓይነት የሚያሳይ ካርታ ይመልከቱና ምን ሊለያቸው እንደሚችል አስቀድመው ይጻፉ። የዓቃባ ተራሮች በአብዛኛው ግራናይት ስለሆኑ ከእነሱ የሚታጠብ አፈር ፖታሲየም፣ ሩቢዲየምና ቶሪየም ይበዛበታል ተብሎ ይጠበቃል። የአክሱም አካባቢ ደግሞ ባዛልት ያለበት በመሆኑ፣ ከባዛልት የተፈጠረ አፈር ቲታኒየም፣ ስካንዲየምና ኮባልት ከፍ ይልበታል። ነገር ግን አክሱም ባዛልት ብቻ አይደለችም፤ ሐውልቶቹ የተጠረቡበት ኔፊሊን ሳይናይት የተባለ ድንጋይ አለ፣ በዙሪያውም የቆዩ የተለወጡ ድንጋዮች አሉ። ስለዚህ «የአክሱም ሸክላ» አንድ ቡድን ብቻ ሆኖ ይመጣል ብለው አይጠብቁ።

2. ፈቃድ ያግኙ፣ ገሉንም ይምረጡ

በኢትዮጵያ የሚሠሩ ከሆነ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖርዎት ገል አይስበሩ፣ ናሙናም ከአገር አያስወጡ። ዱቄቱም የቅርሱ አካል እንደሆነ ቆጥረው በማመልከቻው ላይ መጠኑን በግራም ይጥቀሱ፤ ትንተናው ገሉን በከፊል እንደሚያጠፋም በግልጽ ይጻፉ።

ምርጫው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የአንዱን ዕቃ ሁለት ስባሪ እንደ ሁለት ዕቃ በመቁጠር ነው። ይህን ለማስቀረት ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘውን ክፍል ይምረጡ፤ ወይ አፉን ብቻ፣ ወይ መቀመጫውን ብቻ። የሆድ ስባሪ የግድ ካስፈለገ ውፍረቱን፣ ቀለሙንና የወጣበትን ንብርብር አይተው ከሌሎቹ ጋር አለመጋጠሙን ያረጋግጡ።

ከሚጠየቁት ገሎች እኩል፣ ይልቁንም የበለጠ፣ ለማነጻጸሪያዎቹ ይጨነቁ። ጥሩ ማነጻጸሪያ በምድጃ ውስጥ ተበላሽቶ የተጣለ ሸክላ ነው፤ የተጣመመና የቀለጠ ዕቃ ተጭኖ ለገበያ አይሄድምና። እንዲህ ያለ ካልተገኘ ከሩቅ ለመምጣት ዋጋ የማያወጣ ተራ የማብሰያ ማሰሮና ምጣድ ይውሰዱ። ጥሬ የሸክላ አፈር መሰብሰብም ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሸክላ ሠሪዎች ሁለት አፈር ይቀላቅላሉ፣ ይነፋሉ፣ እንዳይሰነጠቅም አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይጨምሩበታል። ስለዚህ የሰበሰቡትን አፈር ጠፍጥፈው በ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካቃጠሉ በኋላ እንደማንኛውም ገል ይተንትኑት፤ ከዕቃው ጋር በትክክል ባይገጥም አይደንግጡ።

ስለ ቁጥሩ፣ ለእያንዳንዱ ማነጻጸሪያ ቡድን ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 የተለያዩ ዕቃዎች ያዘጋጁ። ምክንያቱ ደረጃ 7 ላይ ይገባዎታል።

3. ከመፍጨት በፊት የሚደረጉ ነገሮች

ገሉ ከተፈጨ በኋላ የማይመለሱ ሥራዎች ስላሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ፎቶ ያንሱ፣ የቁርጡን ሥዕል ይሣሉ፣ ይመዝኑ፣ ከዚያ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ቁራጭ አስቀድመው ቆርጠው ያስቀምጡ። የመጨረሻውን የሚዘልሉ ሰዎች ውጤቱ ሲያጠራጥር የሚመለሱበት የላቸውም።

በገሉ ላይ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር በምን እንደተጻፈ ይጠይቁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ ሙዚየም መጋዘን የመጡ ጥቂት ገሎች ቲታኒየማቸው ከሌሎቹ በግልጽ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አዲስ ቡድን ያገኘን መስሎን ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎን ሰነበትን። ኋላ ገሎቹን መልሰን ስናይ ቁጥራቸው የተጻፈው ኮሬክተር ተቀብቶ በላዩ ነው፤ የኮሬክተር ነጭነት ደግሞ የሚመጣው ከቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። በእጅ በሚያዘው የኤክስሬይ መሣሪያ (ደረጃ 5) የለካነው ልክ እዚያ ነጩ ጠርዝ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ያለበትን ጫፍ በእርሳስ ከብቤ «አይነካ» እላለሁ።

4. ዱቄቱን ማዘጋጀት

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። በዚህ ቦታ የገባ ብክለት ቆይቶ በስሌት አይወጣም።

ሀ. ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፣ ዱቄት ያልተነሰነሰበት ጓንት ያድርጉ። የወርቅ ቀለበት ፍቅፋቂ በኒውትሮን ትንተና (ደረጃ 5) ላይ ይታያል፤ ላብ ደግሞ ሶዲየም ይጨምራል።

ለ. ከገሉ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ይለዩና የውጩን ገጽ በሁሉም በኩል በመሰርሰሪያ ፈግፍገው ያስወግዱ። ቅቡ፣ ቀለሙ፣ ጥላሸቱና ገሉ ከተቀበረበት አፈር የተጣበቀው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከተወሰደ በኋላ ውስጡ አንድ ወጥ ቀለም ካልሆነ ይቀጥሉ፤ መሐሉ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ግን በደንብ ካለመቃጠሉ የመጣ ስለሆነ ችግር የለበትም።

የመሰርሰሪያው ጫፍ ከምን እንደተሠራ በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ። የተንግስተን ካርባይድ ጫፍ ተንግስተንና ኮባልት፣ አንዳንዴም ታንታለም ይተዋል። የብረት ጫፍ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ይተዋል። ሁለቱንም ማስወገድ ስለማይቻል የትኛውን ንጥረ ነገር ከስሌት እንደሚያወጡ አስቀድመው ይወስኑ። በበኩሌ ተንግስተን ካርባይዱን እመርጣለሁ፤ ኮባልትን ማጣት ክሮሚየምንና ብረትን ከማጣት ይቀላል።

ሐ. የተፈገፈገውን ቁራጭ ከአዮን በጸዳ ውሃ ያጥቡት፣ አየር ላይ ያድርቁት፣ ከዚያ አጌት ከተባለ ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ሙቀጫ ይፍጩት። አጌት ሲሊካ ስለሆነ የሚጨምረው ነገር ከሸክላው ሲሊካ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ዱቄቱ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ምንም ቅንጣት የማይቆረቁር፣ የዱቄት ስኳር ያህል የላመ መሆን አለበት። በጓንት ውስጥ ሆነውም ይሰማዎታል።

መ. ሻካራ ሸክላ ከሆነ ትንሽ ቁራጭ አይበቃም። በአሸዋ የተሞላ የማሰሮ ገል ላይ አንዲት ትልቅ፣ ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ቅንጣት መግባቷ ወይም መቅረቷ ውጤቱን ያናውጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ግራም ፈጭተው፣ አዋህደው፣ ከዚያ ውስጥ የሚያስፈልግዎትን ይመዝኑ። ለላመ የገበታ ዕቃ ግማሽ ግራምም ይበቃል።

ሠ. በናሙና መካከል ሙቀጫውን በንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ፈጭተው ይድፉት፣ ያጥቡት፣ በአልኮል ይጥረጉት። በየ20ኛው ናሙና ያንኑ አሸዋ ራሱን እንደ ናሙና አድርገው ይተንትኑ፤ ሙቀጫዎ ንጹሕ መሆኑን የሚነግርዎት እሱ ብቻ ነው።

ረ. ዱቄቱን በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት አድርቀው እርጥበት መምጠጫ ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ያቀዝቅዙ፣ ወዲያውኑም ይመዝኑ። ሸክላ እርጥበት ይስባል፤ ክፍት ትቶ ሻይ ጠጥቶ የመጣ ሰው ውሃ ጭምር ነው የሚመዝነው።

5. መሣሪያውን መምረጥ

በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ገሉን ሳያጠፋ ስለሚለካ ለመጀመሪያ ልየታ ይጠቅማል። ትኩስ የተሰበረ ወይም የተቆረጠ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ብቻ ይለኩ፣ በአንድ ገል ላይ ቢያንስ አምስት ነጥቦችን ይውሰዱ፣ ከአምስት ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ገል ይተዉ፤ ከባድ የሆኑት ንጥረ ነገሮች የሚለኩበት ጨረር ቀጭኑን ገል አልፎ ስለሚሄድ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ከእውነተኛው አንሰው ይታያሉ። ሩቢዲየም የበዛበት ሸክላ ላይ ኢትሪየምን፣ ስትሮንሺየም የበዛበት ላይ ዚርኮኒየምን በጥርጣሬ ይመልከቱ፤ መስመሮቻቸው ይደራረባሉ። የሶዲየምን ቁጥር ደግሞ ከናካቴው አይጠቀሙበት።

የኒውትሮን አክቲቬሽን ትንተና፣ ማለትም ናሙናውን በኒውትሮን መትቶ ከዚያ በኋላ የሚያወጣውን ጨረር መለካት፣ ዱቄቱን አሲድ ውስጥ ማሟሟት ስለማይጠይቅ ለሸክላ ይመቻል፤ 30 ያህል ንጥረ ነገሮችን በአንድ ላይ ይሰጣል። የሚያስፈልገው የምርምር ሪአክተር ነው፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ንጥረ ነገሮች የሚቆጠሩትም የናሙናው ጨረር እንዲቀንስ ለሦስትና አራት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ስለሆነ ቀጠሮዎን በዚያ ልክ ይያዙ። እርሳስንና ሲሊከንን ግን በደንብ አይለካም።

አይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር (የንጥረ ነገሮችን አቶሞች በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) የበለጠ ንጥረ ነገሮችን ይለካል፣ ነገር ግን ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ መሟሟት አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛው፣ ዚርኮን የተባለው ማዕድን በተለመደው የአሲድ ድብልቅ በቀላሉ አይሟሟም፤ ዚርኮኒየምና ሃፍኒየም ካስፈለጉዎት ዱቄቱን ሊቲየም ሜታቦሬት ከተባለ ጨው ጋር ማቅለጥ ይሻላል። ሁለተኛው ስለ ሕይወትዎ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላን የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ቆዳ ላይ ሲፈስ ወዲያውኑ ላያም ይችላል፣ ውስጥ ገብቶ ግን የደምን ካልሲየም ያዛባል፤ ትንሽ መጠንም ይገድላል። ብቻዎን ሆነው በጭራሽ አይክፈቱት። አየር መሳቢያ ካለው ሳጥን ውጭ አይሥሩ፣ ብርጭቆ ያሟሟልና በቴፍሎን ዕቃ ብቻ ይጠቀሙ፣ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ደግሞ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አይተው ያስቀምጡ። ጠብታ ከነካዎት በብዙ ውሃ ይታጠቡ፣ ቅባቱን ይቀቡ፣ ባያምዎትም ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቅባቱ ከሌለ ያን ቀን ሥራው የለም።

6. መለካትና ቁጥሩን መፈተሽ

በእያንዳንዱ ዙር ይዘቱ የታወቀ ማመሳከሪያ ያስገቡ። ለሸክላ የሚቀርበው የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው 679 ቁጥር የጡብ ሸክላ ነው፤ የተረጋገጠ የብረት ይዘቱ 9.05 በመቶ ነው። ማመሳከሪያውን እንደ ማንኛውም ናሙና መዝነው ያስገቡ፣ ያገኙትንም ከተጻፈው ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ለዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ከ5 በመቶ ከበለጠ ያን ዙር ይድገሙ። ከሌላ ቤተ ሙከራ የታተመ የዓቃባ ቁጥር ጋር ለማነጻጸር ካሰቡ ይህ ግዴታ ነው፤ ሁለት ቤተ ሙከራዎች የጋራ ማመሳከሪያ ከሌላቸው ቁጥሮቻቸው አይነጋገሩም።

ከዚያ የካልሲየምን ጉዳይ ያስተካክሉ። ካልሲየም የበዛበት ሸክላ ሌሎቹን ንጥረ ነገሮች ያቀጥናቸዋል፣ ወጥ ውስጥ ውሃ እንደመጨመር። ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ የካልሲየሙን መጠን በሚሊዮን ክፍል ይጻፉ፣ በ2.5 ያባዙ፣ ከአንድ ሚሊዮን ይቀንሱ፤ አንድ ሚሊዮንን ለቀሪው ያካፍሉና የሌላውን ንጥረ ነገር ቁጥር በተገኘው ያባዙ። ለምሳሌ አንድ ገል 12 በመቶ ካልሲየምና 3.5 በመቶ ብረት ቢኖረው፣ 120,000 በ2.5 ሲባዛ 300,000 ይሆናል፤ ከሚሊዮኑ ሲቀነስ 700,000 ይቀራል፤ ብረቱም ወደ 5.0 በመቶ ይመጣል። አጠገቡ ያለው ካልሲየም የሌለበት ገል ብረቱ 5.0 በመቶ ቢሆን ሁለቱ ከአንድ ዓይነት አፈር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማስተካከያው ባይደረግ ግን በሁለት ቡድን ይለያያሉ።

መሬት ውስጥ በቆየበት ጊዜ የሚለዋወጡትን ንጥረ ነገሮችም ይለዩ። ፎስፈረስ፣ ባሪየምና ማንጋኒዝ ከአፈሩ ሊገቡ፣ ካልሲየም ሊታጠብ ወይም ሊጨመር ይችላል። ከባሕር የወጣ ገል ላይ ሶዲየምንና ማግኒዚየምን አይመኑ። ለቡድን መለያ ስካንዲየምን፣ ቶሪየምን፣ ላንታነምንና ሌሎቹን ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች፣ ሃፍኒየምንና ቲታኒየምን ያስቀድሙ፤ እነዚህ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም።

7. ቡድን ማውጣት

ሁሉንም ቁጥሮች ወደ ሎጋሪዝም ይለውጡ፤ ያለዚያ በመቶ የሚቆጠረው ብረት በሚሊዮን ጥቂት የሆነውን ቶሪየም ይውጠዋል። በመጀመሪያ ሁለት ሁለት ንጥረ ነገር እየወሰዱ በነጥብ ይሣሉ፣ በተለይ ቶሪየምን ከስካንዲየም ጋር። ዓይንዎ የማያየውን ቡድን ኮምፒውተር ቢያወጣልዎት ይጠራጠሩ። ከዚያ የዋና ዋና አካላት ትንተና (ብዙ ንጥረ ነገሮችን በጥቂት ድምር መለኪያዎች የሚያጠቃልል ስሌት) ያካሂዱና ገሎቹን የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንደሚለያዩአቸው ይመልከቱ።

አንድ ገል የአንድ ቡድን አባል መሆኑን የሚለካው የማሃላኖቢስ ርቀት ነው፤ የቡድኑን ስፋት ብቻ ሳይሆን ንጥረ ነገሮቹ አብረው የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን አቅጣጫ ጭምር ይቆጥራል። ስሌቱ እንዲሠራ በቡድኑ ውስጥ ያሉት ገሎች ከንጥረ ነገሮቹ መብዛት አለባቸው፤ ባስተማማኝነት ደግሞ ሦስት እጥፍ ቢሆኑ ይመረጣል። ደረጃ 2 ላይ ቢያንስ 20 ያልኩት ለዚህ ነው። ገሎችዎ ካነሱ ንጥረ ነገሮቹን በጥቂት ዋና አካላት ይተኩ። የቡድኑን አባል ራሱን ሲፈትኑ መጀመሪያ ከቡድኑ ያውጡት፤ ራሱ በሠራው ቡድን የተመዘነ ገል ሁልጊዜ አባል ነው። የቡድኑ አባል የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ አባል አይደለም ይበሉ፤ ከ1 እስከ 5 በመቶ ከሆነ ያልተመደበ ብለው ይተዉት፤ በግድ ቤት አይፈልጉለት።

8. ሥራው ሲጣመም

ሁሉም ገሎች አንድ ደመና ሆነው ከመጡ፣ መጀመሪያ ማመሳከሪያዎን ይዩ፤ እሱ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ምንጮች በእውነት ይመሳሰላሉ ማለት ሊሆን ይችላልና ወደ ማይክሮስኮፑ ይሂዱ። ደረጃ 3 ላይ ያስቀመጡት ቁራጭ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ ሲታይ የግራናይት ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ሚካ ከባዛልት ቅንጣት ጋር አይምታታም።

ቡድኖቹ ገሎቹ ከተለኩበት ቀን ወይም ከዙር ቁጥር ጋር ከገጠሙ ያገኙት ቤተ ሙከራዎን ነው። ናሙናዎቹን አደባልቀው ይድገሙ። ለዚህም ነው ከመጀመሪያው የዓቃባውን ሁሉ ሰኞ፣ የአክሱሙን ሁሉ ማክሰኞ መለካት የማይገባው።

አንድ ገል ብቻውን ሩቅ ከቆመ ዱቄቱን ከቀሪው ገል እንደገና ያዘጋጁ። ሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ ገሉ በእውነት ባዳ ነው፤ ካልገጠመ አንዲት ትልቅ ቅንጣት አሳስታዎታለች። ኮባልቱና ተንግስተኑ አብረው ከፍ ካሉ ደግሞ ጥፋቱ የመሰርሰሪያው ነው። ዚርኮኒየምና ሃፍኒየም በአሲድ በተሟሟው ሁሉ ላይ ከኤክስሬይ መሣሪያው አንሰው ከመጡ ዚርኮኑ ሳይሟሟ ከታች ቀርቷል፤ ለነዚያ ሁለቱ የኤክስሬዩን ቁጥር ይያዙ።

9. ውጤቱን መጻፍ

ከማነጻጸሪያው ጋር አለመግጠምን በድፍረት ይጻፉ፤ መግጠምን ግን ይጠንቀቁ። ቡድኑ በግልጽ የተለየ ከሆነ «ይህ አምፎራ በአክሱም አካባቢ ከተሠሩት፣ እኛ ከለካናቸው ዕቃዎች ጋር አይገጥምም» ማለት ጠንካራ አነጋገር ነው። «ከዓቃባ ምድጃ ቡድን ጋር ይገጥማል» ማለትም ይቻላል። «ዓቃባ ነው የተሠራው» ለማለት ግን በዚያው ጠረፍ ያሉ፣ ከተመሳሳይ ግራናይት የታጠበ አፈር የሚጠቀሙ ሌሎች ምድጃዎች አለመኖራቸውን ማሳየት ያስፈልጋል። ደግሞም ኬሚካሉ የሚናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ነው፤ ዕቃው ውስጥ ስለ ነበረው ጭነትና ስለ ጫነው መርከብ አይናገርም።

ያልተስተካከሉትን ጥሬ ቁጥሮች፣ የማመሳከሪያውን ውጤትና የመሰርሰሪያውን ዓይነት ሁሉ በአባሪ ያስገቡ። የተረፈውን ዱቄት ቢያንስ አንድ ግራም ያህል በታሸገ ብልቃጥ አድርገው ከገሉ ጋር በአንድ ሣጥን ይመልሱ፤ የመዝገቡን ቁጥር በብልቃጡ ላይ በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት ይለጥፉ፣ በውስጡም ሌላ ትንሽ ወረቀት ይጨምሩ፤ የውጩ ሙጫ በጥቂት ዓመት ይረግፋልና።